ፈገግ የምትለው ዓሣ፤ ከመጠጥ ጠረጴዛ እስከ ሕፃን ጋሪ

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ገብቶ ሳለ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት የስድስት ዓመት ልጇ ኩሽና ገብታ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ከረጢት አውርዳ መጣች። እናቷ «ዛሬማ ጾም ነው፤ መልሺው» ስትላት ልጅቷ አንዷን ብስኩት አውጥታ መዳፏ ላይ አስተኛችና «ዓሣ እኮ ነው!» አለች። ልጆቿን ልትጠይቅ ከደሴ የመጣችው እናታችን ብስኩቷን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ አገላበጠቻት፤ አሸተተቻት። «ዓሣነቷን እንጃ፤ አይብ አይብ ግን ትሸታለች። ለጾም አትሆንም፣ የኔ ልጅ» ብላ መለሰችላት።

በዚያ ምሽት ከረጢቱን አዙሬ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ብስኩት የተጻፈውን፣ ስለ ዘመዶቿም የተጠናውን እየፈለግሁ ሳነብ ከርሜያለሁ። ስሟ ጎልድፊሽ ነው። አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። በመኪና ወንበር ስፌት ውስጥ ተሸጉጣ፣ በሕፃን ጋሪ ኪስ ተከማችታ፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ምንጣፍ ላይ ተረግጣ ደቅቃ ያገኛታል። ብዙ ልጆች ገና ጥርሳቸው ሳይሞላ በራሳቸው ጣት አንስተው የሚበሏት የመጀመሪያዋ ምግብ እሷ ናት። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ እንዲህ ቀድማ ከልጅ እጅ የምትገባ ነገር ምን እንደሆነች፣ ማን ለማን ብሎ እንደሠራት ማወቅ ይገባናል። መልሱ ያልጠበቅሁት ሆኖ አገኘሁት። ይቺ ብስኩት መጀመሪያውኑ ለልጅ ተብላ የተሠራች አይደለችም።

አንዷን መዳፍ ላይ አስቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። አንድ ዓይን አላት፤ አንዳንዷ ደግሞ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ የተጫነ የፈገግታ መስመር አላት። በጥርስ ለሁለት ስትከፈል ውስጧ ባዶ ነው፤ ሁለት ስስ ግድግዳና በመካከላቸው አየር። ሊጡ እርሾና ቤኪንግ ሶዳ አለበት፤ በስሱ ተዳምጦ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ከጋለ ምድጃ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ተኖ ይነፋዋል። ሪትዝ በሚባለው ክብ ክራከር ላይ የምናያቸው ቀዳዳዎች ያንን እንፋሎት ለማስወጣትና ብስኩቱ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቀር ለማድረግ የተወጉ ናቸው። የእኛ እንጀራ ዓይንም ጋዙ ሸሽቶ የወጣበት በር ነው። ይቺ ዓሣ ግን እንፋሎቷን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ደረቀች። አፍ ውስጥ ገብታ «ቀሽ» የምትለውና ወዲያው የምትሟሟው ለዚህ ነው፤ ሕፃን የሚወዳትም፣ እናትም ሳትሰጋ የምትሰጠውም ለዚሁ ነው።

የክራከር ዘር ከሩቅ ሲታይ የስንቅ ዘር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1792 ጆን ፒርሰን የተባለ ጋጋሪ በማሳቹሴትስ ኒውበሪፖርት ከዱቄትና ከውሃ ብቻ ደረቅ ብስኩት ይሠራ ነበር፤ ገዢዎቹ ወራት ባሕር ላይ የሚያሳልፉ መርከበኞች ናቸው። በ1801 ደግሞ በዚያው ግዛት፣ ሚልተን ከተማ፣ ጆሳያ ቤንት የጋገረው ሲሰበር በሚያሰማው ድምፅ «ክራከር» ተባለ ይባላል። ይህንን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ ዳቦ ቆሎ ነው። የእኛም ሰው ዘመቻ ሲወጣ፣ ነጋዴውም ቅፍለት ሲነሣ፣ ተማሪውም ቆሎ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚቋጥረው ነገር ውሃው የወጣለት እህል ነበር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ውሃው ከወጣለት ሻጋታ አይደርስበትም። መርከበኛውም ዘማቹም በአንድ ብልሃት ነው የኖሩት። ሁለቱም ለመንገድ ነው የሚበሉት፤ ቤቱ ያለ ሰው ትኩስ እንጀራ ወይም ትኩስ ዳቦ ይበላል።

ክራከር ከስንቅነት ወደ ጓዳ የገባው በማሸጊያ ምክንያት ነው። ቀድሞ በአሜሪካ ሱቆች ውስጥ በበርሜል ተሞልቶ፣ ሸማቹ እየዘገነ የሚገዛው፣ እርጥበት የነካው፣ አንዳንዴም አይጥ የደረሰበት ነገር ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ናሽናል ቢስኩት ካምፓኒ «ዩኒዳ» የተባለ ብስኩቱን በሰም ወረቀት በታሸገ ካርቶን አውጥቶ በመላ አገሪቱ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚገዛው ብስኩት ሳይሆን ስም ሆነ። በ1921 በኦሃዮ ዴይተን ቺዝ-ኢት የተባለው ባለ አይብ ካሬ ክራከር ወጣ። በ1934፣ የኢኮኖሚው ድቀት ገና አሜሪካን እንደጨቆነ፣ ሪትዝ በድሃው ቤት የቅንጦት ሆቴል ስም ይዞ ገባ። ሁለቱም እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አሉ።

ዓሣዋ የመጣችው ከስዊዘርላንድ ነው። በኤመንታል ሸለቆ፣ ትሩብሻኸን በተባለች መንደር፣ ከ1910 ጀምሮ ካምብሊ የሚባል የብስኩት ቤት አለ። ኦስካር ካምብሊ በ1958 ይህቺን ጨዋማ ብስኩት በዓሣ ቅርጽ ሲያወጣ መነሻው ሚስቱ እንደነበረች ይነገራል። ኮከቧ የዓሣ ነው፤ በእኛ አውደ ነገሥት «ሑት» የምንለው። ቤቱ ዛሬም በአገሩ እነዚያኑ ዓሣዎች ይሸጣል።

ወደ አሜሪካ ያሻገረቻት ሴት ታሪክ ግን ከብስኩቷ ይበልጥ ልብ ይነካል። ማርጋሬት ሩድኪን በኮኔቲከት ፌርፊልድ ትኖር ነበር፤ መኖሪያዋ በግቢው ባለ ዛፍ ስም ፔፐሪጅ ፋርም ይባላል። ትንሹ ልጇ አስም ነበረበት፤ ከመደብር የሚገዛው ምግብም አልስማማ አለው። እናት በ1937 ዱቄቱን ፉርሽካው ሳይወጣለት በድንጋይ ወፍጮ አስፈጭታ፣ ቤቷ ዳቦ መጋገር ጀመረች። ዳቦው ለልጇ ተስማማው፤ ሐኪሙም ለሌሎች ሕመምተኞቹ ፈለገው። ባሏ ኒው ዮርክ ለሥራ ሲሄድ በባቡር ይዞላት እየሄደ ለአንድ የታወቀ ግሮሰሪ ያደርስ ነበር። ተራው ዳቦ 10 ሳንቲም ሲሸጥ የእሷ 25 ሳንቲም ነበር፤ ግን ተሸጠ። ያ የልጅ መድኃኒት ሆኖ የተጀመረ ዳቦ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ትልቅ ድርጅት ሆነ፤ በ1961 ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ገዛው። በዓመቱ፣ በ1962፣ ማርጋሬት ሩድኪን ከስዊዘርላንድ ያገኘቻትን ዓሣ በዚሁ ድርጅት ስም ለአሜሪካ ገበያ አቀረበች። ዛሬ በብዛት የምትሸጠው ባለ ቼዳር አይቧ ዓሣ በ1966 ተከተለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ድርጅቱ የተወለደው «ፉርኖ ዱቄት ለልጄ አልተስማማም» ባለች እናት ነው። የዓሣዋ ከረጢት ጀርባ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ይዘት ደግሞ ያው ፉርኖ ዱቄት ነው። በሕጉ መሠረት ብረት፣ ናያሲን፣ ፎሊክ አሲድና ሌሎች ቢ ቫይታሚኖች ተጨምረውለታል፤ ይህ በጎ ነው። ሆኖም ከፉርሽካው ጋር የወጣው አሠር አልተመለሰለትም። ይህንን ለወቀሳ አላነሣሁትም። ሩድኪን ራሷ ዓሣዋን ከዳቦዋ እኩል አድርጋ አላቀረበቻትም፤ ዳቦው ለማዕድ፣ ዓሣዋ ለመጠጥ ነበረች። በ1960ዎቹ ዓሣዋ የምትዘገነው እንግዳ ሲጠራ፣ ከኮክቴል ብርጭቆ አጠገብ ካለ ሳሕን ነበር፤ አለዚያም ሾርባ ላይ ትነሰነሳለች። ቴሌቪዥን ላይ የፈረንሳይ ምግብ ያስተማረችው ጁሊያ ቻይልድ ለምስጋና ቀን እንግዶቿ ከመጠጥ ጋር እነዚህኑ ዓሣዎች ታቀርብ እንደነበር ይታወቃል። ጨው መጠጥን ይጠራል፤ የእኛም ጠጅ ቤት ይህንን ያውቃል። ዓሣዋ ጨዋማ የሆነችው ለአዋቂ ምላስ፣ ለአዋቂ ብርጭቆ ስለተሠራች ነው።

ታዲያ ከመጠጥ ጠረጴዛ ወርዳ ሕፃን ጋሪ ውስጥ እንዴት ገባች? በአንድ ቀን አልሆነም። ትንሽነቷ፣ አለማቆሸሿና አለመጣበቋ እናቶችን ሳትጠራቸው ሳባቸው። ድርጅቱም ይህንን አይቶ ወደ ልጆች ዞረ። በ1997 ከዓይኗ በታች ፈገግታ ተጫነባት፤ «ፈገግ የሚልልህ መክሰስ» በሚል መፈክርም ታጀበች። ቆይቶም ፊን የሚባል መነጽር ያጠለቀ ዓሣ የማስታወቂያዋ ፊት ሆነ። ሊጡ ያው ሊጥ፣ ጨውም ያው ጨው ሆኖ ሳለ የተለወጠው በላተኛው ነው። የዚህ ሁሉ ንባቤ እምብርት ይህ ይመስለኛል።

ቅርጿ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ፍርድ ቤት ሳይቀር መስክሯል። ኒኬሎዲየን የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን «ካትዶግ» የሚል የካርቱን ፊልም ነበረው፤ ገጸ ባሕሪው ግማሹ ድመት፣ ግማሹ ውሻ ነው። ናቢስኮ የተባለው ብስኩት አምራች በዚያ ፊልም ስም ባለ አይብ ክራከር ሊያወጣ ሲዘጋጅ ለውሻው አጥንት፣ ለድመቱ ዓሣ አደረገ። የጎልድፊሽ ባለቤቶች ከሰሱ። የኒው ዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1999 ለከሳሾቹ ፈረደ፤ ዓሣ ቅርጽ ያለው ብርቱካንማ ባለ አይብ ክራከር የሌላ ስም ተለጥፎበት ቢሸጥ የታወቀውን ምልክት ያደበዝዛል አለ። ዓሣ በባሕር ውስጥ የማንም አይደለም፤ ብስኩት ላይ ግን ባለቤት አለው። ገና ማንበብ የማይችል ልጅ ምርቱን በስሙ ሳይሆን በቅርጹ እንደሚለየው ጠበቆቹ በደንብ ያውቁ ነበር።

ከዚያው ከኮኔቲከት፣ ከዬል ዩኒቨርሲቲ፣ በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ከልጆቹ ወገን ያሳያል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ 40 ልጆች አንዱን ምግብ ሁለት ጊዜ ቀመሱ፤ አንዱ እሽግ የካርቱን ሥዕል አለበት፣ ሌላው የለበትም። ብስኩት፣ የፍራፍሬ ከረሜላና ካሮት ነበር የቀረበላቸው። ውስጡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልጆቹ ብስኩቱንና ከረሜላውን ባለ ሥዕሉ ይበልጥ ጣፈጠን አሉ። ካሮቱ ላይ ግን ሥዕሉ ያን ያህል አልሠራም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጎልድፊሽም አልነበረችበትም። ሆኖም ብስኩቱ ራሱ ሥዕል ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ወደ ጀርባው ጽሑፍ ልመለስ። ድርጅቱ አንድ ጊዜ የሚበላ ብሎ ያስቀመጠው ልክ 55 ዓሣ ነው፤ 30 ግራም። በዚያ ውስጥ 140 ካሎሪ ገደማ፣ 5 ግራም ስብ፣ 250 ሚሊግራም ሶዲየም አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ «የተጋገረ» የሚል ቃል አለ። ይህ ቃል እውነት ነው። ዘይት ውስጥ ከተጠበሰ የድንች ቺፕስ ጋር ሲተያይ ስቧ በግማሽ ያህል ያንሳል። ካሎሪው ላይ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ቺፕሱ በ28 ግራም 160 ገደማ ነው። ጨው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ጨው ብቻ የተነሰነሰበት ተራ ቺፕስ በ28 ግራም ከ140 እስከ 170 ሚሊግራም ሶዲየም ነው ያለው። ጨው ቺፕሱ ላይ ከላይ ይነሰነሳል፤ ምላስ ወዲያው ያገኘዋል። ዓሣዋ ውስጥ ግን ሊጡም አይቡም ጨው አላቸው፤ ስለዚህ ተበልቶም ያን ያህል አይታወቅም። «ቺፕስ አልሰጥም፣ ይህ ይሻላል» የምትለው እናት በስቡ ልክ ናት፤ በጨው ግን ሳታውቀው ጨምራለች።

250 ሚሊግራም ለማን ነው የሚበዛው? ለአዋቂ ብዙም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይመክራል። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 1,200 ሚሊግራም ነው፤ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ላለው 1,500። እንግዲህ አንድ ልክ ብቻ የሁለት ዓመቱን ሕፃን የቀን ጨው አንድ አምስተኛ ይወስዳል። ከረጢቱን ታቅፎ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ 55 ላይ አይቆምም። የቀረውን ቀን ሽሮውም ወጡም ዳቦውም ጨው አለበት።

«የተጋገረ» የሚለው ቃል ከስብ አልፎ «ምንም የለበትም» የሚል ስሜት ይሰጣል። ይህም ልክ አይደለም። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች አክሪላማይድ የተባለው ኬሚካል ስታርች ባለበት ምግብ ውስጥ እንደሚፈጠር አሳወቁ፤ ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ምግቡ ቡናማ ሲሆን። ለዚህ መጥበስም መጋገርም መቁላትም እኩል ናቸው። ከ2018 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አምራቾች መጠኑን እንዲቀንሱ ሲያስገድድ ቺፕስን ብቻ አልጠራም፤ ክራከርም ቡናም በዝርዝሩ አሉ። ከምግብ የሚገኘው መጠን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው እስካሁን አልተቋጨም። እኔም በዚህ የተነሣ ልጅን ከብስኩት አላስደነግጥም፤ ቡና ቆልቶ የሚጠጣ ሕዝብ ነን። «የተጋገረ» ስለ አሠራሩ ይነግረናል፤ ስለ ጤናው ግን ዋስትና አይሆንም፤ ልል የፈለግሁት ይኼንኑ ነው።

ጥርስን በተመለከተ ጥናቱ ግልጽ ነው፤ የሚገርመው ብዙ ወላጅ አለመስማቱ ነው። በ1991 የታተመ አንድ ሥራ የተለያየ ምግብ ከተበላ በኋላ ጥርስ ላይ የቀረውን እየለካ አነጻጸረ። ሰው «ይጣበቃል» ብሎ የሚፈራው ካራሜል ቶሎ ታጥቦ ሲሄድ፣ ብስኩት፣ ክራከርና ቺፕስ ግን ጥርስ መሐል ተሰግስገው ቆዩ። ስታርቹ እዚያው ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ባክቴሪያውም ይበላዋል። ዓሣዋን ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ እያለ የሚቆረጥም ልጅ ጥርሱን ቀኑን ሙሉ እያበላ ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ በልቶ ውሃ መጠጣት።

ከሁሉ ሰፊው ክርክር «እጅግ የተቀነባበረ ምግብ» የሚባለው ነው። ምግብን በተቀነባበረበት መጠን የሚመድበውን ይህንን ክፍፍል ያወጣው የብራዚሉ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮ ነው። በ2019 ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቅርብ ርቀት፣ ቤቴስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ተመራማሪው ኬቨን ሆል 20 አዋቂዎችን ለአራት ሳምንት አስቀምጦ ፈተነው። ሁለት ሳምንት የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ፤ በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና አሠር እኩል ነው፤ ያሻህን ያህል ብላ ነው የተባለው። የተቀነባበረው ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ። ሰዎቹ አዋቂዎች ናቸው፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ በአንዲት ብስኩት ላይ መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም ቶሎ ታኝኮ ቶሎ የሚጠፋ ምግብ ሆድ «በቃኝ» ከማለቱ በፊት እንደሚያልቅ ያስታውሰናል። ያቺ ባዶ ሆድ ያላት ዓሣ ከዚህ ጋር ያላት ዝምድና ግልጽ ነው።

በእህቴ ቤት የተነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የጾም ጥያቄ ነበር። በዚህ በኩል የአሜሪካ ሕግ ሳያውቀው ለጾመኛ ባለውለታ ሆኗል። በ2004 የወጣውና ከ2006 ጀምሮ የሠራው ሕግ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒና መሰሎቻቸው ከገቡ በግልጽ ስማቸው እንዲጻፍ ያዛል፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። ሕጉ የወጣው ለአለርጂ ነው፤ ለእኛ ግን የፍስክና የጾም መለያ ሆኖልናል። የቼዳሯ ዓሣ የመጨረሻ መስመር «ስንዴ፣ ወተት አለው» ይላል። እናታችን በአፍንጫዋ ያገኘችውን ሕጉ በጽሑፍ አረጋገጠ። አሜሪካ የሚሸጠው ተራው ሪትዝ በአንጻሩ ከይዘቱ ወተት የለበትም፤ አይብ በመሐሉ የተደረገበት ዓይነት ግን አለበት። ስለዚህ ስም ሳይሆን መስመሩ ነው የሚነበበው። ለሙስሊም ቤተሰቦች ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። በአይቡ ዝርዝር ውስጥ «ኢንዛይም» የሚል ቃል አለ፤ አይቡን ያረጋው ነገር ከእንስሳ ይሁን ከሌላ ቃሉ አይናገርም። ቀለሙ ግን ሥጋት የለበትም፤ ከአናቶ ፍሬና ከፓፕሪካ የተገኘ ነው።

የወተት ነገር ሌላም ጣጣ አስከትሎ ያውቃል። በሐምሌ 2018 በማጣፈጫው ውስጥ የገባ የአጓት ዱቄት ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ አራት ዓይነት የጎልድፊሽ ምርቶች ከገበያ ተሰበሰቡ፤ በዚያው ሰሞን አንዳንድ የሪትዝ ምርቶችም እንዲሁ። ሁለት ተፎካካሪ ስሞች በአንድ ሳምንት መሰብሰባቸው የዛሬ ምግብ እንዴት እንደተሳሰረ ያሳያል። የታመመ ሰው አልተገኘም፤ ፈጥነው መሰብሰባቸውም የሚመሰገን ነው።

ፈጽሞ ይከልከል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ1999 የፔንስልቬንያ ተመራማሪዎች ፊሸርና በርች ትንንሽ ልጆች ከሚወዱት መክሰስ አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ከለከሏቸው። ልጆቹ ስለ እሱ ይበልጥ አወሩ፤ ሲፈቀድላቸውም ይበልጥ ተሻሙበት። ክልከላ ብስኩቱን ያከብረዋል። አምራቹም ማሻሻል እንደማይሳነው የትምህርት ቤቶች ሕግ አሳይቷል። መንግሥት በትምህርት ቤት የሚሸጥ መክሰስ በአንድ እሽግ ከ200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም እንዳይኖረው፣ እህሉም በአመዛኙ ፉርሽካው ያልወጣለት እንዲሆን ሲያዝ፣ ድርጅቱ ለትምህርት ቤቶች ባለ ሙሉ ስንዴ ዓሣ በትንሽ እሽግ አቀረበ። የማርጋሬት ሩድኪን ዱቄት ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ በሕግ ጎትጓችነት ወደ ዓሣዋ መመለሱን ሳስብ ደስ ይለኛል። የሱቁ መደርደሪያ ላይ ቀዳሚ መሆን የነበረበት ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳቦ ቆሎውን አንግሼ ዓሣዋን ማዋረድም አልሻም። እናታችን ከደሴ በሻንጣ ይዛ የመጣችው ዳቦ ቆሎ ዘይት፣ ጨውና በርበሬ አለበት፤ ከጀርባው የሚነበብ ጽሑፍም የለውም። የሚለየው ጥርስ ስለሚያደክም ነው። አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ቡና እስኪፈላ ይቆያል፤ አንድ እፍኝ ዓሣ ረከቦቱ ሳይቀርብ ታልቃለች። ሌላው ልዩነት ሰው ነው። ዳቦ ቆሎ ለብቻ አይበላም፤ ሳሕኑ ይዞራል።

በጥቅምት 2024 ድርጅቱ ለጥቂት ቀናት የዓሣዋን ስም ቀይሮ በአንድ ውድ የሬስቶራንት ዓሣ ስም ሸጣት፤ «ይህ ለአዋቂም ነው» ለማለት። ከስልሳ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ በላተኞቿን መልሳ ጠራች።

ፍልሰታ እንደተፈታ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈላ። እህቴ ከረጢቱን ለልጅቷ ከመስጠት ይልቅ ዓሣዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና «በአማርኛ ቆጥረሽ 55 አምጪልኝ» አለቻት። ልጅቷ በጣቷ እየገፋች ጀመረች። እስከ ሃያ ዘጠኝ አልተደናቀፈችም። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ አያቷን ቀና ብላ አየች። እናታችን የዳቦ ቆሎውን ሳሕን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ነገረቻት። አርባም ላይ እንዲሁ፣ ሃምሳም ላይ እንዲሁ። ሃምሳ አምስተኛዋ ፈገግታ የሌላት ነበረች፤ ልጅቷ መልሳ አስቀምጣ ሌላ ፈለገች። ተሰብስበው ሲለኩ ሁለት የቡና ስኒ ያህል ሞሉ። አንዱን ስኒ ለራሷ አስቀረች፤ ሌላውን ለአያቷ ይዛ ሄደች።